ባዶ መሬት የለንም፤ ጥያቄ ግን አለን!

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ይቅርታ። ጉዳዩ የመሬት ስለሆነ በሁለት መስመር አይነገርም። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አምቦ ውስጥ የማደያ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ባጃጅ የለኝም። ባጃጁ የጓደኛዬ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እንድሰራበት ስለሚሰጠኝ ሰልፉን አብሬው እይዛለሁ። በኬሚካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቦታ የለም። «የስራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ እንዴት እንደምንሯሯጥ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። ለማንኛውም፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ «ቤንዚን አልቋል» ተባለ። ከማደያው ትንሽ ራቅ ብሎ ግን በሃይላንድ ላስቲክ ይሸጣል። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

እዚያው ቆመን በጌዶ በኩል የመጣ፣ ስኳር የጫነ ተሳቢ በፊታችን አለፈ። ጓደኛዬ እሱን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ኢንጂነር፣ ከሸንኮራ ነዳጅ ይወጣል ብለኸኝ አልነበር? ፊንጫ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። የታለ ታዲያ ነዳጁ?» አለኝ።

አጭር መልስ አልነበረኝም። ይሄ ጽሑፍ ረጅሙ መልስ ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ግን ለእውቀት ብቻ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቴ የተወለደበት ቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ለአንድ ባለሀብት መሬት የሚያፈላልግ ነው። ዘይት የሚሰጥ ዛፍ ተተክሎ «አረንጓዴ ነዳጅ» እንደሚመረት፣ የሚፈለገውም ከብት የሚውልበት «የማይታረስ ተዳፋት» ብቻ እንደሆነ፣ ለወጣቱ የስራ እድል እንደሚከፈት አስረዳ። የሀገር ሽማግሌዎች እንዲፈርሙ ጠየቀ። የተማረ ልጅ ሲፈልግ ደግሞ የአጎቴ ጣት እኔን ጠቆመ። «የመስክ ተቆጣጣሪ ትሆናለህ» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የስራ ጥያቄ ነው! እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰማህ» አለችና እልል አለች።

እኔ ግን «ትንሽ ቀን ስጠኝ» አልኩት። የማደርገው ስላልነበረኝ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ከእፅዋት ነዳጅ ማውጣት አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ብራዚል ደነገጠች። በ1975 ከሸንኮራ አገዳ ኢታኖል አምርታ ከቤንዚን ጋር የምትቀላቅልበትን ብሔራዊ ፕሮግራም ጀመረች። ወደ እኛ አህጉር ስንመጣ ደግሞ ማላዊ አለች። እንደኛ ወደብ የላትም፤ ከ1982 ጀምሮ ግን ከስኳር ተረፈ ምርት የወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ትቀላቅላለች። ስለዚህ ሀሳቡ በራሱ ቅዠት አይደለም። ይሄን ቀድሜ የምናገረው «ልማት የምትጠሉ» ለሚሉን ሰዎች ነው።

ሁለተኛው ዙር የመጣው እኛ ገና ፊደል ስንቆጥር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የአንድ በርሜል ነዳጅ ዋጋ ከ140 ዶላር አለፈ። በዓመቱ የአውሮፓ ህብረት በ2020 ለትራንስፖርት ከሚጠቀመው ኃይል 10 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን በህግ ደነገገ። ግን አውሮፓ ያን ያህል ትርፍ መሬት የላትም። ታዲያ የዘይት ተክሉ የት ይበቀል? ካርታ ተዘረጋ፤ ጣቱ አፍሪካ ላይ አረፈ።

የኛ መንግስትም አልተኛም። ሚሊኒየሙን ስናከብር በነበረበት ሰሞን፣ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። ምክንያቱ እውነተኛ ነበር። ሀገሪቱ ነዳጅ የምትገዛው ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው፤ ዶላሩ ደግሞ ከየት ይመጣል? ቡና ሸጠን ናፍጣ እንገዛለን፤ ዛሬም ያው ነው። ያኔ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይጠየቅ ታለፈ።

«ባዶ» ያላችሁት የማንን ደጅ ነው?

ስትራቴጂው ለጃትሮፋና ለመሰል የዘይት ተክሎች ተስማሚ የሆነ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት በሀገሪቱ እንዳለ አሰላ። ከዚህ ውስጥ ኦሮሚያ ላይ ያለው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 17.2 ሚሊዮን ሄክታር! ቁጥሩን ሳነብ መጀመሪያ የተሳሳተ ትየባ መሰለኝ። የክልሉን ግማሽ የሚያህል መሬት ማለት እኮ ነው። ግማሹ ኦሮሚያ ለመኪና ነዳጅ «ተስማሚ» ነው ተባለ።

እርግጥ ነው፣ «ተስማሚ» ማለት «ይወሰዳል» ማለት አይደለም። የአየር ንብረትና የአፈር ስሌት ነው። ግን እንደዚህ ያለ ቁጥር አንዴ በመንግስት ሰነድ ላይ ከተጻፈ በኋላ የራሱ እግር ያወጣል። በኢንቨስትመንት ፎረም ላይ ይነገራል፣ በብሮሹር ይታተማል፣ ከዚያ አንድ የውጭ ባለሀብት አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲመጣ «ባዶ መሬት አላቸው» ብሎ አምኖ ነው የሚመጣው።

ካርታው ላይ ላም አይታይም። ካርታው ላይ ምንጭ የምትቀዳ እናት፣ ለጣራ ክዳን ሳር የሚያጭድ አባት፣ እንጨት የምትለቅም ልጅ አትታይም። የአባቴ ቀበሌ ያ «የማይታረስ ተዳፋት» ማለት ክረምት ላይ ማሳው ሁሉ በጤፍና በስንዴ ሲያዝ ከብቱ የሚውልበት ብቸኛ ቦታ ነው። እሱ ከሌለ በሬ የለም። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። «የማይታረሰው» መሬት ነው የሚታረሰውን የሚያሳርሰው! ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አጎቴ ስምንተኛ ክፍልም አልደረሰም፣ ግን ያውቀዋል።

ህጉስ? በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፤ ገበሬውም ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። አንቀጽ 43 ደግሞ ማህበረሰቡን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሀሳቡ ሊጠየቅ ይገባል ይላል። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ግን የወል መሬትን መንግስት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ግል ይዞታ ሊቀይረው እንደሚችል ይፈቅድ ነበር። የካሳ አዋጁ ቁጥር 455/1997 ደግሞ ካሳ ያሰላ የነበረው ባለይዞታው ከማሳው ባገኘው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ነበር፤ ያንን በአስር አባዝቶ ይሰጥ ነበር። ለግጦሹስ? ሳሩን ማን ሸጦት ያውቃል? ደረሰኝ የሌለው ገቢ ለህጉ አይታየውም ነበር። ቀዳዳው እዚህ ጋ ነበር። «ባዶ» የሚባለው መሬት ሁልጊዜ የወል መሬት የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሰው ስለሌለበት ሳይሆን ፊርማ ስለሌለበት።

የሆነውን እንይ

ሦስት ቦታ ልውሰዳችሁ።

አንደኛ፣ ወላይታ። ግሎባል ኢነርጂ የሚባል ኩባንያ ገበሬዎች ጉሎ ዘርተው እንዲያስረክቡት በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አስፈረመ። መሬት አልነጠቀም፤ ገበሬው በራሱ ማሳ ነው የሚዘራው። ከሩቅ ሲያዩት የተሻለ ይመስላል። ችግሩ ወላይታ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ማሳ መዳፍ ታክላለች። ከእሷ ላይ ለጉሎ ሲቆረጥ ከበቆሎውና ከስኳር ድንቹ ተቆረጠ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. ዝናቡ ጠፋ፣ የእህል ዋጋ ናረ፣ ከጉሎው ይገኛል የተባለው ገቢም እንደተባለው አልመጣም። ጉሎ ደግሞ አይበላም። እናቶቻችን ምጣድ ያሹበት ይሆናል እንጂ ለልጅ አይሰጡትም፤ ፍሬው መርዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ምስራቅ ሐረርጌ። ፍሎራ ኢኮ ፓወር የሚባል የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ እርሻ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ተሰጠው። ሲጣራ ከፊሉ መሬት የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ሆኖ ተገኘ! ዝሆኑ እንኳን ካርታው ላይ አልታየም ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በርሜሉ ወደ 40 ዶላር አካባቢ ወረደ፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስም ተጨመረበት። ኩባንያው ቃል የገባው ነዳጅ ሳይታይ ነገሩ ተበተነ።

ሦስተኛው የራሳችን ነው፤ ባኮ ቲቤ። የህንዱ ካሩቱሪ ባኮ ላይ ከ11,000 ሄክታር በላይ ወሰደ። እውነቱን ለመናገር ካሩቱሪ የነዳጅ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። አበባ ሻጭ ነበር፤ ወደ እኛ ሲመጣ በቆሎ፣ ሩዝና የዘይት ዘንባባ አለማለሁ ነበር ያለው። ግን አመጣጡ ከዚያው ሞገድ ጋር ነው፤ መሬቱም የተሰጠው በዚያው «ባዶ ነው» በሚል ቋንቋ ነው። በግቤ ወንዝ ዳር ያለው ያ ሜዳ የስንት ቀበሌ ከብት ይውልበት እንደነበር ባኮ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። ከብት የነበረው ሰው የቀን ሰራተኛ ሆኖ ተገኘ። ያው ኩባንያ ጋምቤላ ላይ ደግሞ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ወሰደ፤ ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር! ሃያ ብር እኮ ነው ያልኩት። በታህሳስ 2008 ዓ.ም. መንግስት ራሱ «አላለማህም» ብሎ የጋምቤላውን ውል ሰረዘው፤ ከዚያ ሁሉ መሬት ያለማው ትንሽ ክፋይ ብቻ ነበርና።

ቀኑን ልብ በሉ። ታህሳስ 2008። ልክ ከአንድ ወር በፊት፣ ህዳር 2008፣ ጊንጪ ላይ ተማሪዎች በሜዳቸውና በጭልሞ ደን ጉዳይ ወጥተው ነበር። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2006 አምቦ በማስተር ፕላኑ ጉዳይ ምን እንደሆነች እዚህ ገጽ ላይ ላለ ሰው አልነግርም። እኔ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትልልቆቻችን ያነሱት ጥያቄ አንድ ነበር፤ በመሬቱ ላይ ሳንጠየቅ ለምን ይወሰናል? ስለ ጃትሮፋም፣ ስለ አበባም፣ ስለ ፋብሪካም ጥያቄው ያው ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። ከጃትሮፋ አንድ ሊትር ናፍጣ ቀድቶ የነዳ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ይንገረኝ። የተክሉ ነገር እንዲህ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ውሃም ማዳበሪያም ሳይሰጠው ይኖራል፤ አጥር ይሆናል፣ ከብት አይበላውም። ይሄ እውነት ነው። ግን መኖርና ማፍራት ይለያያል። በደረቅ መሬት ላይ የሚሰጠው ፍሬ ትንሽ ነው፤ ብዙ ፍሬ ከተፈለገ ጥሩ መሬትና ውሃ ይፈልጋል። ያን ጊዜ «በማይታረስ መሬት» የሚለው ተረት ፈረሰ። እኛም ተመራቂዎች እኮ ያለ ስራ እየኖርን ነው፤ እያፈራን ነው የሚል ግን የለም።

ታዲያ ምንም የሰራ ነገር የለም?

አለ! ጓደኛዬ የጠየቀኝም እሱን ነው።

ስኳር ሲመረት ሞላሰስ የሚባል ወፍራም ጥቁር ሽሮፕ ይተርፋል። ያንን በእርሾ አብላልተህ፣ አፍልተህ፣ እንፋሎቱን ስታቀዘቅዘው ኢታኖል ይወጣል። ካቲካላ ስታወጣ ያያችሁ እናት ካለቻችሁ ትምህርቱን ጨርሳችኋል፤ ልዩነቱ ለመኪና የሚሆነው ውሃው እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ከቤንዚኑ ይለያል። ከአንድ ቶን ሞላሰስ ወደ 250 ሊትር ኢታኖል ይገኛል። ለዚህ አንድ ሄክታር ተጨማሪ መሬት አይነካም። ሸንኮራው ለስኳር ተተክሏል፣ ተጨምቋልም፤ ነዳጁ ከተረፈው ነው።

ፊንጫ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ኢታኖል የማምረት አቅም ያለው ፋብሪካ ነበረው። መተሃራ ደግሞ 12.5 ሚሊዮን። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሱሉልታ ላይ እየተቀላቀለ አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ማለትም ስለ ጃትሮፋ ያ ሁሉ ሚሊዮን ሄክታር ሲወራ እውነተኛውን ነዳጅ ያመጣው የፋብሪካ ትራፊ ነው። ግን እሱም አልዘለቀም፤ ኢታኖሉ እያነሰ ሄደና መቀላቀሉ ተቋረጠ። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ያለው ኢታኖል ለእጅ ማጽጃ ተፈለገ።

ለምን አነሰ? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አስር አዲስ ስኳር ፋብሪካ ይገነባል፣ የሀገሪቱ ምርት 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ነበር። ግንባታው ለሜቴክ ተሰጥቶ ስንት ዓመት እንደተጓተተ ታስታውሳላችሁ። ስኳር ራሱ በዶላር ከውጭ ሲገባ ከረመ። ስኳር ሳይኖር ሞላሰስ ከየት፣ ሞላሰስ ሳይኖር ኢታኖል ከየት? የጓደኛዬ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ነዳጁ የጠፋው መሬት ስላነሰ አይደለም። የተወሰደው መሬት ላይ የተባለው ስላልተሰራ ነው!

ፊንጫም ቢሆን በነጻ አልመጣም። በ1965 ግድቡ ሲሰራ ያ ሁሉ ረግረግና ግጦሽ ውሃ ዋጠው፤ የተነሳው ህዝብ ስንት ትውልድ አለፈው። ከዚያ ሸለቆው ሸንኮራ ሆነ። ከእያንዳንዱ ሊትር ኢታኖል ጋር ደግሞ ከአስር ሊትር በላይ ዝቃጭ ይወጣል፤ ብራዚሎች ማሳ ላይ እንደ ማዳበሪያ ይጠቀሙበታል፣ ዝም ብሎ ወንዝ ውስጥ ከገባ ግን ዓሳውንም ከብቱንም ይጎዳል። ኢታኖሉ ተመርቶ ሲያልቅ በጌዶ፣ በጉደር፣ በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በሆለታ አልፎ ይሄዳል። የኛ ድርሻ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ማየት ነው።

ከመኪናው በፊት ማጀቱ

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ «ባዮፊውል» ሲወራ ሁሌም መኪና ነው የሚታሰበን። ምዕራብ ሸዋ ግን ዱሮም በእፅዋት ነዳጅ ነው የሚኖረው፤ ስሙ ባህር ዛፍ፣ ከሰልና ኩበት ይባላል። ከጊንጪ እስከ ሆለታ መንገዱን ተመልከቱት። አይሱዙው ሁሉ ወደ ሸገር የሚጭነው እንጨት ነው። እናቴ 50 ዓመቷ ነው፤ አይኗ በጭስ ምክንያት ሁልጊዜ ያለቅሳል።

የፊንጫ ኢታኖል እኮ በአንድ ወቅት ለምድጃ ተሞክሮ ነበር። ጋያ የሚባል ማህበር በአዲስ አበባ ቤቶችና በሱማሌ ክልል ቀብሪበያህ የስደተኞች ካምፕ የኢታኖል ምድጃ አሰራጭቶ ሰው በደንብ ተጠቅሞበታል። ጭስ የለውም። መኪናው ሲመጣ ግን ማጀቱ ወረፋ ጠበቀ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በገበሬ ጓሮ የከብት እበትን ወደ ጋዝ የሚቀይር ጉድጓድ አሰርቷል፤ በመጀመሪያው ዙር 14,000 ታቅዶ ወደ 8,000 ተገነባ። ዕቅዱ አልሞላም፤ ቢሆንም 8,000 ቤት ማለት ነው፣ ማንም አልተፈናቀለም፣ ዝቃጩም ለማሳው ማዳበሪያ ሆነ። ግን ማንም ሚኒስትር ስለ እበት ሪባን አይቆርጥም።

ስለ ዘይት ደግሞ አንድ ጥያቄ። እዚህ ኑግ የሚበቅልበት አገር ላይ 5 ሊትር የምግብ ዘይት ከሺህ ብር በላይ ገብቶ፣ አብዛኛው ዘይታችንም ከውጭ በሚመጣ ፓልም ተሞልቶ፣ ለመኪና የሚሆን ዘይት እንትከል ስንባል ትንሽ አይገርምም? መጀመሪያ ድስቱ ይሙላ እንጂ!

«ስራ ፈት ሆናችሁ ስራ ትከለክላላችሁ?»

ይሄን የሚሉ አሉ፤ መልስም ይገባቸዋል። በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ባጃጅ ነጂው ሰልፍ ላይ ቀኑን ያጣል። የዶላር እጥረቱ እውነት ነው። ወጣቱ ስራ ይፈልጋል፤ እኔ ራሴ እፈልጋለሁ፣ ማን እንደኔ! «ከሜዳው ላይ ሳር ከሚበላ ከብት ይልቅ ስራ አይሻልም ወይ?» ብሎኛል አንድ አብሮ አደጌ። ንቄው አላለፍኩም። ሌሊት ሙሉ አስቤበታለሁ።

የደረስኩበት ይሄ ነው። የዘይት ተክል እርሻ ስራው የመትከልና የመልቀም ነው፤ ከፍሬው እስከ ነዳጁ ያለው ስራና ትርፍ ፋብሪካው ያለበት ቦታ ነው የሚቀረው። ስለዚህ መሬቱን ሰጥተን የምናገኘው የቀን ስራ ነው፤ እሱም ኩባንያው እስካለ ድረስ። ኩባንያው ሲሄድ ሜዳው አይመለስም፤ ወይ ከስሮ ለባንክ ዕዳ ይያዛል፣ ወይ ለሌላ ይተላለፋል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለኛ ነው። በተቃራኒው ከሞላሰስ፣ ከእበት፣ ከቡና ገለባ፣ ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚወጣ ነዳጅ መሬት አይነጥቅም፤ የተማረ ሰውም ይፈልጋል። ኬሚስቱ፣ መካኒኩ፣ ኤሌክትሪሻኑ ከኛ መካከል ተመርቆ ተቀምጧል።

ስለዚህ «አይሆንም» ብቻ ብለን አንቁም። እንጠይቅ። ማንም ሰው ወደ ቀበሌያችሁ «አረንጓዴ ነዳጅ» ብሎ ሲመጣ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ስጡት።

1. መሬቱ ላይ አሁን ማን ይጠቀማል? ከብት፣ ምንጭ፣ ሳር፣ እንጨት ተቆጥሮ ይመዝገብ። «ባዶ» የሚል ቃል ውሉ ላይ አይግባ።

2. ውሉ ህዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ከመፈረሙ በፊት በስብሰባ ይነበባል ወይ? የተፈረመው ኮፒስ ማን ጋ ይቀመጣል?

3. ፍሬውን የሚገዛው ማነው፣ በስንት ዋጋ? የዓለም ነዳጅ ዋጋ ቢወርድስ ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

4. በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ካልለማ መሬቱ ያለ ክርክር ለህዝቡ ይመለሳል ወይ?

5. ፋብሪካው የት ይተከላል? ከሚመረተው ነዳጅ ለአካባቢው ማጀትና ለአካባቢው ማደያ ስንት ይቀራል?

አምስቱን ለሚመልስ ሰው እኔ ራሴ ቡና አፈላለታለሁ።

እኔስ ምን አደረግኩ?

ባለፈው እሁድ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ስር ተሰብስበው ነበር። ባኮ ላይ የሆነውን፣ ወላይታ ላይ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ከሁሉም ትልቁ ኦቦ «ልጄ፣ አንተ ስራውን እያጣህ መሆኑን ታውቃለህ?» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ጥያቄዎቹን ጽፌ ሰጠኋቸውና ሰውየው ሲመጣ እነሱ ራሳቸው ሰጡት። «አጣርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ምናልባት እሱም እንደኛ እንጀራውን ነው የሚፈልገው። መልስ ይዞ ከመጣ በደስታ እንቀመጣለን። እስካሁን አልመጣም።

እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ቡና አፈላች፣ እኔንም ጠራችኝ። ስለ ስራው ምንም አላነሳችም። «የአባትህ በሬዎች አሁንም እዚያው ነው የሚውሉት?» ብቻ አለችኝ። «አዎ፣ እዚያው» አልኳት።

ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደገና ማደያ ሰልፍ ላይ ነኝ። የጓደኛዬን ጥያቄ ግን አሁን መመለስ እችላለሁ። ነዳጁ ያለው ሜዳችን ላይ አይደለም፤ ያለው ሳይሰራ በቀረው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሚጠየቀውም እዚያ ነው።

በየከተማችሁ፣ በየቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ ነገር መጥቶ ከሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ባኮ፣ ጌዶ፣ ጉደር፣ ጀልዱ፣ ጊንጪ፣ ሆለታ ያላችሁ በተለይ። ሰው ስም አትጥሩ፣ አትሳደቡ፤ የሆነውን ብቻ ንገሩን። አምስቱን ጥያቄ ግን ኮፒ አድርጋችሁ ገጠር ላለ ዘመዳችሁ ላኩለት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ደውሉና አንብቡለት።